በሕግ አምላክ ያለው ማን ነው

ባንቺአየሁ ከትክል ድንጋይ ጎንደር የመጣችው አንድ ቃል ለመናገር ነው፤ «ትሂድ» ወይም «ትቅር»። ባሏ አያ ማሩ አውቶቡስ ሲያሳፍራት እንዲህ ብሏታል፤

«እኔ ብሄድ ገና ሳላይ ነው የምቆጣ። አንቺ ሂጂና በዐይንሽ እይ። ሸጋ ነገር ከሆነ ትሂድ በያት። ካልሆነ ትቅር። አንቺ ያልሽው የእኔም ቃል ነው።»

ሲላት ቀላል መስሏት ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን የተሸከመችው ነገር ከበዳት። በቤታቸው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ አያ ማሩ ነው። እሷ ከጎን ሆና ታለዝባለች፣ ታስታርቃለች፣ «ተው እንጂ» ትላለች። አሁን ቃሉ ሙሉ ለሙሉ እሷ እጅ ላይ ወደቀ። በዚያ ላይ ልታየው የምትሄደው ነገር ምን እንደሆነ አታውቅም።

ነገሩ የልጃቸው የሰሎሜ ነገር ነው። ሰሎሜ ጎንደር ኮሌጅ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ደህና ይዛለች ተብሎ ቤቱ ረክቶ ተቀምጦ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ጎረቤታቸው ማናዬ በርበሬ ልትሸጥ ጎንደር ደርሳ ተመለሰች። ገና ነጠላዋን ሳታወርድ የባንቺአየሁን በር አንኳኳች።

«ልጅሽን አየኋት።»

«ደህና ናት?»

«ደህናስ ደህና ናት። ሳህን ትወረውራለች።»

«የምን ሳህን?»

«እኔ ምን አውቄ። ወንድና ሴቱ ቁምጣ ለብሶ ሜዳ ላይ ተደባልቆ አንዲት ሳህን ያሳድዳል። ያንቺዋ ደሞ ከፊት ናት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ባንቺአየሁ እንጀራ ሲቀርብላት ሳህኑን እያየች ታስባለች። በስልክ ብትጠይቃት ሰሎሜ ሳቀች። ጨዋታው ፍሪዝቢ ይባላል አለች። በኮሌጁ ክለብ አቋቁመዋል፤ በየዓመቱ በበልግ ከሌሎች ከተሞች ክለቦች ጋር ይወዳደራሉ። በመጋቢት ደብረ ማርቆስ ላይ ነበር፤ እሷ ፈቃድ አላገኘሁም ብላ ቀረች። አሁን ከፋሲካ በኋላ ጎንደር ላይ ነው። እዚህ ያሸነፈ በግንቦት ባሕር ዳር ለመጨረሻው ይሄዳል።

«ባሕር ዳር?» አለች ባንቺአየሁ። ከሁሉ በላይ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። «ከወንድ ጋር አድረሽ?»

«እማ፣ አንድ ጊዜ መጥተሽ እይ። ካየሽ በኋላ ትቅር ካልሽ እተወዋለሁ። ቃሌ ነው።»

እንግዲህ ባንቺአየሁ የመጣችው በዚህ ነው። በፌስታል በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛለች። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ ቢሆንም ሥጋ ይዞ ሜዳ መሄድ ነውር መስሏት ተወችው።

ሜዳው ከኮሌጁ ጀርባ ነው። ሣሩ ገና ዝናብ አላገኘም፤ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ዳርና ዳሩ ላይ ድንበሩን የሚያሳዩ ትንንሽ ብርቱካናማ ቆቦች ተደርድረዋል። ሰሎሜ ከሩቅ አይታት እየሮጠች መጣች። ከቁምጣው ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥቁር ሱሪ ለብሳለች፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ባንቺአየሁ ይህን ስታይ ትንሽ ተነፈሰች። ልጇ ዞር ስትል የማሊያዋን ጀርባ አነበበች። በጎልማሶች ትምህርት ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የተጻፈ ነገር አያልፋትም፤ አፏን እያንቀሳቀሰች አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። «ጎን - ደር» አለች። እሱ ገባት። ከዚያ በኋላ ያየችው ብዙው አልገባትም።

«እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ» አለቻት ሰሎሜ። «ከደብረ ታቦሮቹ ጋር ነው። እነሱን ካሸነፍን ባሕር ዳር እንሄዳለን።»

«እኔ ከፈቀድኩ» አለች ባንቺአየሁ።

«አንቺ ከፈቀድሽ» አለች ሰሎሜ፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

ጥላው ሥር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አያ ታከለ ይባላሉ፤ የጠዳ ሰው ናቸው፤ ሜዳውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ባንቺአየሁ ሰላምታ ሰጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ ሁልጊዜ «ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ማፈር የለም» ትላለች። ባንቺአየሁም ይህን ምክር እንደ ሃይማኖት ይዛዋለች።

«አያ ታከለ፣ ዳኛው የትኛው ነው?»

«ዳኛ የለም።»

«ገና አልመጣም?»

«አይመጣም። ዳኛ የሚባል ነገር የላቸውም። ራሳቸው ይጣላሉ፣ ራሳቸው ይታረቃሉ።»

«ታዲያ አጥፊው በምን ይታወቃል?»

አያ ታከለ ዱላቸውን ከጉልበታቸው አነሡና ወደ ሜዳው ጠቆሙ። «እኔ እንግዲህ ይሄ ነገር ከተጀመረ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ግብ መቼ እንደሚገባ እንኳ እስካሁን አላወቅኩም። ሲያጨበጭቡ አጨበጭባለሁ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሳህኗ ነጭ ናት፤ የሰፌድ ያህል ሰፋ ያለች፣ ክዳን የመሰለች። ከአንዱ እጅ ወጥታ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያብዳል። ከሁሉም ያስገረማት ግን አንድ ነገር ነው። ሳህኗን የያዘ ሰው አይሮጥም። እንደ ያዛት ቀጥ ብሎ ይቆምና ለሌላ ይሰጣታል። ባንቺአየሁ በዕድሜዋ ሁሉ ያየችው ነገር የያዘ ሰው ይዞ ሲሮጥ ነው።

«ምነው አይሮጡም?»

«ሞኞች ናቸው» አሉ አያ ታከለ።

ሰሎሜ ግን ስትሮጥ እንደ ሚዳቋ ናት። ቤት ሳለች ውኃ ቅጂ ሲሏት እግሯን እየጎተተች የምትሄደው ልጅ እሷ አትመስልም። ባንቺአየሁ ልቧ ከልጇ ጋር ይሮጣል፤ ልጇ ስትቆም ይቆማል። ወንዶቹ ሲጠጓት ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ነገር ግን ትዝብቷን ስታጠራው፣ ማንም ማንንም አይነካም። በትከሻ እንኳ አይገፋፉም። ቁምጣ ለብሰው ተደባልቀው፣ እንደ ካህን እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው የሚሮጡት።

በመካከሉ አንዲት ልጅ ወደቀች። የደብረ ታቦሮቹ አለቃ ናት፤ ትዕግስት ብለው ሲጠሯት ሰምታለች። ልጅቷ ተቀምጣ እጇን አንሥታ አንድ ነገር ጮኸች። ያን ጊዜ ባንቺአየሁን ፀጉሯን ያስቆማት ነገር ሆነ። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። አንዱ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እዚያው አወረደው። ሳህኗን የያዘው እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ የወደቀችው ትዕግስትና የጎንደሮቹ አለቃ፣ እንዳልካቸው የሚባለው መነጽራም፣ ፊት ለፊት ቆመው ቀስ ብለው ተነጋገሩ። እንዳልካቸው ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

«ምን ብላ ነው ያስቆመቻቸው?»

«ፋውል ብላ። ማንም ይበለው ማን፣ ያ ቃል ከተባለ ሁሉም ባለበት ይቆማል» አሉ አያ ታከለ። «ይሄ አንድ ብቻ ገብቶኛል።»

ባንቺአየሁም የገባት ይህ አንድ ብቻ ነው። እንዲያውም ከማንም በላይ ገባት። በሀገሯ ሁለት ሰው ገበያ ላይ ሲተናነቅ፣ የጠብ በትር ሲነሣ፣ ድንበር ላይ ወንድማማቾች ሲፋጠጡ፣ በዚያ የሚያልፍ ማንም ሰው «በሕግ አምላክ» ይላል። ሴትም ይሁን፣ ልጅም ይሁን፣ ለማኝም ይሁን። ከተባለ እጅ ይወርዳል፤ እግር ይቆማል። አልፎ የመታ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አይቆምም። ያስቆመውም ሰው ተሸሽጎ አይሄድም፤ ቆሞ «ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ ነገሬ ይህ ነው» ማለት አለበት። እነዚህ ልጆች ዳኛ ባይኖራቸውም ይህ አላቸው ማለት ነው። ባንቺአየሁ የጥላውን ዛፍ ደገፍ አለች፤ የያዘችውን ዳቦ ቆሎም ለአያ ታከለ ዘገነችላቸው።

ቀኑ እያጋደለ ሄደ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆነ አሉ። ቀጥሎ ያገባ ያሸንፋል ሲባል ከሜዳው ዙሪያ የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ ተነሣ። ባንቺአየሁም ተነሣች፤ ለምን እንደ ተነሣች ግን አታውቅም።

ሳህኗ እንዳልካቸው እጅ ላይ ናት። ሰሎሜ ከሰው መካከል ፈትለክ ብላ ወጥታ ወደ ሜዳው ጥግ ትሮጣለች። እንዳልካቸው አርቆ ወረወረ። ሳህኗ ከፍ ብላ ሄዳ ወደ ሰሎሜ መውረድ ስትጀምር፣ ከጎን በኩል ከደብረ ታቦሮቹ ሁሉ ረጅሙ፣ ሰውአገኝ የሚሉት ልጅ፣ እንደ ተለቀቀ ወይፈን መጣ። ዐይኑ ሳህኗ ላይ ነው፤ ሰሎሜን አያያትም። ሰሎሜም ዐይኗ ሳህኗ ላይ ነው፤ እሱን አታየውም። ሁለቱንም የምታየው ባንቺአየሁ ብቻ መሰላት። የልጇ የጎን አጥንት፣ የልጁ ጉልበት፣ የደረቀው መሬት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት።

«በሕግ አምላክ» አለች።

ድምፅዋ ከምኗ እንደ ወጣ አታውቅም። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ተሰማ። አያ ታከለ ዳቦ ቆሏቸውን በትነው ዱላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውአገኝም ቆመ። ለመዝለል ጉልበቱን አጥፎ ነበር፤ እንደዚያው እንዳለ ተተከለ፣ እጁም ወደ ታች ወረደ። ሰሎሜ ግን እግሯ መሬት ለቆ ነበር። አየር ላይ ያለ ሰው መቆሚያ የለውም። ሳህኗን ቀለበቻት፤ ይዛት ወረደች።

ጎንደሮቹ ጮኹ፣ ተቃቀፉ። አያ ታከለ አጨበጨቡ። ባንቺአየሁም አጨበጨበች፤ ልጇ በደህና ወርዳለችና። ወዲያው ግን ጭብጨባው ሳሳ። ሰውአገኝ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ምነው?» አለው እንዳልካቸው፤ እየሳቀ መጣ። «ጥጉ ላይ ከቀለበቻት ግብ ነው እኮ።»

«በሕግ አምላክ ተባለ።»

«ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰማሁ፣ ቆምኩ።»

«ተመልካች ጨዋታ አያስቆምም። ሕጉን ታውቃለህ።»

«ይሄንንም ሕግ አውቃለሁ።»

«ሕግ አምላክ የትኛው ተጫዋች ነው? ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ እንዳልካቸው፤ ከኋላው ያሉት ሳቁ።

ሰውአገኝ አልሳቀም። «እንዳልካቸው፣ ይሄን ሰምቼ አልፌ መሄዴን አባቴ ቢሰማ ቤት አያስገባኝም። አንተን ያስገባህ እንደሆን እንጃ።»

አሁን የጎንደሮቹም ሳቅ ቆመ። ሁለቱም ቡድን ተሰብስቦ ከበባቸው። አንዱ «ግብ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቆሟል እኮ» ይላል፣ ሌላው «ማን ነው ያለው?» ይላል። ዳኛ የለም። ባንቺአየሁ ከሩቅ የሰማችው ይህን ነው፤ «ማን ነው ያለው?»

«ዝም በይ» አሏት አያ ታከለ በሹክሹክታ። «ማንም አላየሽ። ልጅሽ አሸንፋለች። ዝም ብለሽ ቆሎሽን ብዪ።»

ባንቺአየሁ ግራ ገባት። ያደረገችው ጥፋት ይሁን ደግ ሥራ አታውቅም። እናት ልጇን ብታድን ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ግን ሁሉም ለምን ተቆጣ? ታስሬ ይሆን እንዴ የምቀረው ብላ አሰበች፤ አያ ማሩ ምን ይላል? ያን ጊዜ ሰሎሜን አየቻት። ሰሎሜ ሳህኗን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ወደ ጥላው አትመለከትም፤ ጫማዋን ነው የምትመለከት። ድምፁን አውቃዋለች። የእናቷን ድምፅ እንዴት ታጣዋለች? አውቃ ዝም ብላለች፤ ዝም ብላ እየቀላች ነው።

ባንቺአየሁ ነጠላዋን አስተካክላ ብርቱካናማዎቹን ቆቦች ተሻገረች።

ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ከሰውአገኝ ፊት ስትደርስ ቁመቱ ከሩቅ ካየችው ይበልጥ ነበር፤ ፊቱ ግን የልጅ ፊት ነው።

«ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «የእሷ እናት ነኝ። ጨዋታ ላበላሽ አይደለም። የምትረግጣት መሰለኝ። እናንተም ስትባባሉ አየሁ፤ አንዱ ይጮሃል፣ ሁላችሁ ትቆማላችሁ። እንዲህ የሚቻል መሰለኝ። ካልተቻለ ይቅር በሉኝ።»

ከወዲያ አንድ ሁለት ልጆች ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰውአገኝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«አልረግጣትም ነበር፣ እናቴ። ለሳህኗ ነው የመጣሁት።»

«እሱን አሁን ነው የምሰማ።»

«ምንም አይደል።» ከዚያ ወደ ሰሎሜ ዞረ። «የያዝሽው አንቺ ነሽ። እንግዲህ አንቺ ተናገሪ።»

ሰሎሜ ቀና አለች። እንዳልካቸው ዐይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ ጎንደሮቹ ሁሉ እንደዚያው። ዓመቱን ሙሉ የተለማመዱት ለዚህች ቀን እንደሆነ ባንቺአየሁ እንኳ ፊታቸው ላይ አነበበች።

«ባትቆም ትደርስባት ነበር?» አለችው ሰሎሜ።

«እንጃ። ምናልባት።»

«እኔም እንጃ።» ሳህኗን ገልበጥ አድርጋ አየቻት፤ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። «ይደገም» አለች።

«ሰሎሜ» አለ እንዳልካቸው።

«ሁለታችንም ካላወቅን ወደ ወረወረው ትመለሳለች። ይሄንን ሕግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

እንዳልካቸው መነጽሩን አውልቆ በማሊያው ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ሳህኗን ተቀብሎ ወደነበረበት ቦታ ሄደ። ሁሉም ወደየነበረበት ተመለሰ። ባንቺአየሁን አያ ታከለ መጥተው በክንዷ ይዘው አወጧት። «አሁን አፍሽን በነጠላሽ ያዥ» አሏት።

አፏን ያዘች። እንዳልካቸው ወረወረ፤ ሰሎሜ ሮጠች፤ ሰውአገኝ መጣ። ሁለቱም ዘለሉ። የሰውአገኝ እጅ ከላይ ሆነና ሳህኗን መትቶ አወረዳት። የሰሎሜን ፀጉር እንኳ አልነካም። ከዚያ ሳህኗ በሌላኛው አቅጣጫ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች፤ ከዚያኛው ጥግ ትዕግስት ቀለበቻት። ጭብጨባ ሆነ። አያ ታከለ አጨበጨቡ። ባንቺአየሁም ልጇ ሳትረገጥ በመቅረቷ ከልቧ አጨበጨበች።

«አሁን ያጨበጨብሽው ለነሱ ነው» አሏት አያ ታከለ።

«እንዴት?»

«አለቀ። የሚጮኹት እነሱ ናቸው፤ ልጅሽ ተሸንፋለች።»

ባንቺአየሁ እጆቿ እንደ ተጋጠሙ ቀሩ።

የባሰው ግራ መጋባት ከዚያ በኋላ መጣ። ተሸናፊና አሸናፊ ለየብቻ ይሄዳል ብላ ስትጠብቅ ሁሉም ተደባለቀ። አንድ ጎንደሬ፣ አንድ ደብረ ታቦሬ፣ ክንድ በትከሻ ላይ እያደረጉ ክብ ሠርተው ቆሙ። በየተራ ተናገሩ፤ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዷ አለቀሰች። የለቅሶ ቤት ይሁን የሠርግ ቤት ለመለየት ባንቺአየሁ ዐይኗን ብታጠብብ አልቻለችም። ሰውአገኝና ሰሎሜ ጎን ለጎን ነበሩ። ቆይቶ ክቡ ተበተነ፣ ሰሎሜም መጥታ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ምነው ጮኽሽ?»

«ነግሬያችሁ የለ።»

«ሰው ሁሉ ፊት።»

«ሰው ሁሉ ፊት ብትሰበሪስ?»

ባንቺአየሁ በሶውን በውኃ በጥብጣ ሰጠቻት። ልጅቷ እንደ ተኮሳተረች ጠጣች።

«አሁን ባሕር ዳርስ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ባሕር ዳር የሚሄደው ያሸነፈው ነው። እነሱ ናቸው። የኛ ቡድን አለቀ።»

ባንቺአየሁ ከትክል ድንጋይ ይዛው የመጣችው ቃል እጇ ላይ ቀረ። ትሂድም ብትል፣ ትቅርም ብትል፣ ለማን ትለዋለች? ሳይሸጥ እንደ ዋለ ዶሮ ብብቷ ውስጥ ይዛው ልትመለስ ነው። እፎይ ማለት ነበረባት። ቃሉን ሳትናገር ነገሩ በራሱ ቀረላት። ግን እፎይታው እምቢ አለ። ልጇን ያስቀራት የእናቷ ፍርድ ቢሆን ደግ፤ ያስቀራት የእናቷ ጩኸት ነው።

ይህን ስታስብ ሁለት ሰዎች መጥተው ከፊቷ ቆሙ፤ ትዕግስትና ሰውአገኝ። እንደ ሽምግልና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ።

«ተቀመጡ» አለች ባንቺአየሁ።

«ቆመን እንናገራለን» አለች ትዕግስት። «እናቴ፣ በሕጋችን ወንድ ብቻውን አይጫወትም፤ በእያንዳንዱ ቡድን ሴቶች መኖር አለባቸው። የኛ ሁለቱ ሴቶች በግንቦት ፈተና አለባቸው፣ ባሕር ዳር አይመጡም። ከሌላ ክለብ መዋስ ይፈቀዳል። ሰሎሜን ጠይቀናት ፈቃዱ የእናቴ ነው፤ ራሳችሁ ጠይቋት አለችን።»

ባንቺአየሁ አንዴ ወደ ልጅቷ፣ አንዴ ወደ ልጇ አየች። ሰሎሜ የበሶውን ጣሳ እያሽከረከረች ነው። ጣሳው በእጇ ውስጥ ሲሽከረከር ያቺን ሳህን ይመስላል።

«አሸንፋችኋት እኮ ነው» አለች ባንቺአየሁ። «የተሸነፈችላችሁን ምን ታደርጓታላችሁ?»

«በተቃራኒ ስትቆም እናቷ ያስቆሙኛል» አለ ሰውአገኝ። «ከኛ ጋር ብትሆን ይሻለኛል።»

ትዕግስት በክርኗ ጎሰም አደረገችው። ባንቺአየሁ ግን ጥያቄዋን ጀመረች፤ ያልገባችሁን ጠይቁ ተብላለችና። የት ነው የምታድሩ? ሴቶቹ ለብቻ፣ ትዕግስት ከሰሎሜ ጎን። በምን ነው የምትሄዱ? በአንድ ሚኒባስ፣ በቀን። ቢያማትስ? ደውለን እንነግርዎታለን። እምቢ፣ ቤቴ ልሂድ ብትልስ? እናሳፍራታለን። መልሱ ሁሉ ደህና ነው። ግን መልስ ሁሉ ደህና ሲሆን ባንቺአየሁ ይበልጥ ትፈራለች።

ስለዚህ ወደ ሰውአገኝ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ምነው ቆምክ? ሳህኗ እጅህ ልትገባ ነበር። ያለው ማን እንደሆነ አታውቅም። ይሄ ሁሉ ሰው ደግሞ ተመልካች አያስቆምም ይላል።»

ሰውአገኝ ጥያቄው የገባው አልመሰለም። ወደ ትዕግስት አየ፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ምነው ቆምክ ማለት?» አለ። «ተባለ፤ ቆምኩ።»

ባንቺአየሁ ትንሽ ጠበቀች፤ ተጨማሪ ምክንያት የሚመጣ መስሏት ነበር። አልመጣም። ልጁ የሚጨምረው የለውም።

«ትሂድ» አለች።

ሰሎሜ ጣሳውን አቆመችው።

በማግስቱ ወደ ትክል ድንጋይ ስትመለስ አውቶቡስ ተራው ላይ ስልኳ ጮኸ። አያ ማሩ ነው። ከኋላው በሬው ሲያገሣ ይሰማል።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«አልገባኝም።»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ?»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ። ሳህኗን የያዘ አይሮጥም። ዳኛ የለም። ተጣልተው ይቃቀፋሉ።»

«እሺ፣ አሸነፈች?»

«ተሸነፈች። ያስሸነፍኳትም እኔ ነኝ።»

«ደግ። ቀረች ማለት ነው።»

«ትሂድ አልኳት።»

«ተሸንፋ ወዴት ነው የምትሄድ?»

«ካሸነፏት ጋር።»

«ባንቺ» አለ አያ ማሩ ቀስ ብሎ፣ «ፀሐይ መታሽ እንዴ?»

«ስማኝማ። አንድ ልጅ እንደ ወይፈን ሲሮጥባት አየሁና በሕግ አምላክ አልኩ። ከሜዳው ዳር ሆኜ። ማን እንዳለ ሳያይ ቆመ። ድሉ እጁ ሊገባ ሲል ነው የቆመ።»

«ቆመ?»

«እንደ ግንድ ነው የቆመ።»

ቆይቶ አያ ማሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ።

ባንቺአየሁ የጠየቀቻቸውን በልቧ ቆጠረች። የት ታድራላችሁ ብላ ጠይቃለች፣ በምን ትሄዳላችሁ ብላ ጠይቃለች፣ ቢያማትስ ብላ ጠይቃለች። ይህን አልጠየቀችም።

«አልጠየቅኩም» አለች።

«ምነው» አለ አያ ማሩ፣ «ዋናውን ሳትጠይቂ መጣሽ?»